መለኪያ ያልያዘ ሰው ስንት ጨረር እንደ ደረሰበት እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። የጻፉልን የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሳስተምር በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉትን የማርሻል ደሴቶች ታሪክ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ከእነዚያ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የሮንጌላፕ ሰዎች ከኑክሌር ቦምብ አቧራ ወደ 1.9 ግሬይ ደረሰባቸው ይባላል። አንድ ልጅ እጁን አወጣና 'ሰዎቹ መለኪያ ይዘው ነበር እንዴ?' አለኝ። አልያዙም። ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ? ግምት ከሆነስ ምን ያህል ይታመናል? እዚህ ጣና ዳር ቢሆን ሒሳቡ እንዴት ይሠራ ነበር? ደግሞስ ፈረንሳይ ሰሃራ ላይ ያፈነዳችው እኛ ጋ ደርሷል ወይ?»

መምህርት፣ ልጁን አመስግኑልኝ። የጠየቀው የሙያችንን ዋና ጥያቄ ነው።

በአጭሩ ልመልስ። ቁጥሩ የተገኘው ከሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው መሬቱ ላይ የተለካው ጨረር ነው። ሁለተኛው ጨረሩ ከሰዓት ሰዓት የሚቀንስበት ሕግ ነው። ሦስተኛው ሰዎቹ በየሰዓቱ የት እንደነበሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፊዚክስ ናቸው፤ በደንብ ይታወቃሉ። ሦስተኛው ግን ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ እየተጠያየቀ የሚሠራ ሥራ ነው። ትልቁ ስሕተት የሚገባውም በዚህ በኩል ነው።

እኔ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ብዙ ሰው ዶዝን፣ ማለት በግሬይ የሚለካውን ሰው የወሰደውን የጨረር መጠን፣ የቦምቡ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ቦምቡ አንድ፣ መንደሩ አንድ፣ ቀኑም አንድ ሆኖ ጎረቤታሞች የተለያየ ዶዝ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። የሮንጌላፕ ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ከማርሻል ደሴቶች አንዷ በሆነችው ቢኪኒ ላይ «ካስል ብራቮ» የተባለውን ቦምብ አፈነዳች። የተጠበቀው ጉልበት ወደ 6 ሜጋቶን ነበር። የወጣው 15 ሜጋቶን ሆነ። ሮንጌላፕ ከቢኪኒ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሚኬደውን መንገድ ያህል በሉት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከሰማይ ነጭ ዱቄት ይወርድ ጀመር። በፍንዳታው የተቃጠለ ኮራል ነው። ልጆች ተጫወቱበት። ሰዎቹ ከደሴቱ የተነሡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በሮንጌላፕ የነበሩት 64 ሰዎች ናቸው። ሌሎች 18 የዚያው መንደር ሰዎች ግን በዚያ ሰሞን አይሊንጊናኤ ወደምትባል ጎረቤት ደሴት ሄደው ነበር። የእነዚህ ዶዝ 1.1 ግሬይ ገደማ ይገመታል። መንደር የቀሩት 1.9 ገደማ። ዩትሪክ በምትባለው ራቅ ያለች ደሴት የነበሩት ደግሞ 0.11 ገደማ። ሮንጌላፕና አይሊንጊናኤ የነበሩት ዘመዳሞች ናቸው። የለያቸው በዚያች ቀን የት እንደነበሩ ነው።

ታዲያ ምን ተለካ? ሰዎቹን ሊያነሡ የመጡት ቡድኖች መለኪያ ይዘው ደሴቶቹ ላይ ዞረዋል። በኋላም ተመላልሰው ለክተዋል። ስለዚህ «በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ይህን ያህል ነበር» የሚል ቁጥር አለ። ቀጣዩ ጥያቄ አቧራው መቼ ደረሰ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ መሣሪያ ረድቷል። ሮንጌሪክ በምትባል ደሴት 28 አሜሪካውያን ነበሩ፤ የአየር ሁኔታ ይከታተሉ ነበር። እነርሱ ጋ የነበረው የጨረር መለኪያ ፍንዳታው ካለፈ ከሰዓታት በኋላ እየጨመረ ሄዶ ከሚያነበው የመጨረሻ ቁጥር አለፈ። መሣሪያው ስንት እንደ ደረሰ አልነገረንም። መቼ እንደ ጀመረ ግን ነገረን። ለሒሳቡ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምን ያህል ይታመናል ላሉት፣ ግምቱ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ ማየቱ ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሮንጌላፕ ሰዎች የውጭ ዶዝ 175 ሮንትገን ተባለ። በአሁኑ መለኪያ አየር ላይ ወደ 1.5 ግሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና ሠርተው 1.9 አሉ። በ2010 የወጣው ሌላ ጥናት 1.6 አካባቢ አስቀመጠው። በሃምሳ ዓመታት ውስጥ፣ በተለያየ መንገድ ተሠርቶ፣ ከ1.5 እስከ 1.9 ነው። በዚህ ሙያ ይህ ጥሩ መቀራረብ ነው። የሰዎቹ ደምም ይመሰክራል። የነጭ ደም ሕዋሳቸውና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የፕሌትሌቶቻቸው ቁጥር ወርዶ ነበር፤ ከአንድ ግሬይ በላይ ያገኘ ሰው ላይ የሚጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህ ሁሉ ስለ ውጭ ጨረር ብቻ ነው። መሬት ላይ ካለው አቧራ ወጥቶ ሰውነትን የሚያልፍ ጋማ ማለት ነው። አቧራው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቤታ ጨረር ቆዳን ያቃጥላል፤ የሮንጌላፕ ሰዎች ቆዳቸው ቆስሏል፣ ፀጉራቸውም ረግፏል። በምግብና በውሃ የሚገባው አዮዲን ደግሞ እንቅርት የሚወጣበትን ዕጢ፣ ታይሮይድን ይመታል። የእነዚያ ሰዎች የታይሮይድ ዶዝ ከውጭው ዶዝ እጅግ ይበልጥ ነበር። እርስዎ የጠየቁት የውጩን ስለሆነ በዚያው ልቀጥል።

አሁን ወደ ቅነሳው ሕግ። ተማሪዎችዎ ግማሽ ዕድሜን፣ ማለት የአንድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ግማሹ የሚያልቅበትን ጊዜ፣ ያውቃሉ። የቦምብ አቧራ ግን አንድ ንጥረ ነገር አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። አንዳንዱ በሰከንድ ያልቃል፣ አንዳንዱ ዓመታት ይቆያል። ድብልቁ ሲደመር የዶዝ ፍጥነቱ፣ ማለት በአንድ ሰዓት የሚደርሰው ዶዝ፣ በሰዓት ቁጥር ላይ በ1.2 ኃይል ይወርዳል። ለማስታወስ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ከፍንዳታው ወዲህ ያለው ጊዜ ሰባት እጥፍ ሲሆን የዶዝ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ላይ 100 ከነበረ፣ በሰባት ሰዓት ላይ 10 ነው። በሁለት ቀን ላይ 1 ነው። ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቂ ነው። ለቼርኖቢልና ለፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋዎች ግን አይሠራም። ከሬአክተር የሚወጣው ድብልቅ ሌላ ነው። እዚያ አዮዲን 131ን ከ8 ቀን ግማሽ ዕድሜው ጋር፣ ሲዝየም 134ን ከ2 ዓመቱ ጋር፣ ሲዝየም 137ን ከ30 ዓመቱ ጋር ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው።

«የዶዝ ፍጥነት» እና «ዶዝ» ተማሪ የሚያምታታቸው ነገሮች ናቸው። በክረምት ግቢ ውስጥ ባልዲ ያስቀምጡ። ዝናቡ የሚወርድበት ፍጥነት አንድ ነገር ነው፤ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሌላ። መለኪያው የሚያሳየን ዝናቡን ነው። የምንፈልገው ባልዲውን ነው።

እንግዲህ ጣና ዳር እንምጣ። የምሰጥዎ ምሳሌ ልምምድ ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። አቧራው ከፍንዳታው በ5ኛው ሰዓት ከተማዋ ላይ ደረሰ እንበል። በ35ኛው ሰዓት አንድ ቡድን መጥቶ ሜዳ ላይ ለካ። በሰዓት 2 ሚሊግሬይ አገኘ። ሰዎች ከተማዋን የለቀቁት በ53ኛው ሰዓት ነው፤ ማለት አቧራው ከደረሰ ከሁለት ቀን በኋላ።

ከ5 ወደ 35 ሰባት እጥፍ ነው። ስለዚህ አቧራው ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ሚሊግሬይ ገደማ ነበር። መለኪያ ባልነበረበት ሰዓት የነበረውን አወቅን ማለት ነው። ለልጁ ይህንን ያሳዩት።

ከዚያ ማጠራቀም ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦ 5 ሲባዛ በመድረሻው ሰዓት ፍጥነት፣ ሲባዛ በመድረሻው ሰዓት፣ ሲባዛ በቅንፍ [1 ሲቀነስ (መድረሻ ሲካፈል ለመጨረሻ) በ0.2 ኃይል]። የመጀመሪያው 5 ከ0.2 የመጣ ነው፤ ካልኩለስ የጀመሩ ልጆች ራሳቸው ያወጡታል። ቁጥሮቹን ሲያስገቡ 5 × 20 × 5 = 500፤ ቅንፉ ደግሞ 0.376 ይሆናል። ሁለቱን ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው 188 ሚሊግሬይ ያገኛል።

አሁን ይህን 188 በሰዓት በሰዓት ይክፈሉት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓታት ብቻቸውን 65 ይወስዳሉ። ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ በላይ ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ሰዓታት 6 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ከጠቅላላው ወደ 58 በመቶ ይወስዳል። እኔ ለማንም ሳስረዳ እዚህ ላይ እቆማለሁ። አምስት ሰዓት አምስት ሰዓት ነው፤ ግን የትኛው አምስት ሰዓት እንደሆነ ካላወቅን ዶዙን አናውቅም።

ሦስት ሰዎች እንውሰድ። አንዲት እናት ጉልት ላይ ትሸጣለች። አቧራው ሲወርድ አምስቱን ሰዓት እዚያው ነበረች። ከዚያ ጭቃ ቤቷ ገብታ አልወጣችም። ጎረቤቷም ጭቃ ቤት ነው ያለችው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቤት ነበረች፤ የወጣችው በመጨረሻዎቹ አምስት ሰዓታት መኪና ለመጠበቅ ነው። ሦስተኛው ሰው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እሱም እንደ ጎረቤቷ መጨረሻ ላይ ብቻ ወጣ። ሦስቱም ውጭ የነበሩት አምስት አምስት ሰዓት ነው።

ቤት ምን ያህል ይከላከላል? ለእንጨት ቤት በጃፓን የተያዘው ቁጥር 0.4 ነው። ውጭ ካለው 40 በመቶው ይገባል ማለት ነው። ጭቃ ግድግዳ ከእንጨት ይከብዳል፤ የተሻለ ይከላከላል። ግን ቆርቆሮ ጣሪያው ምንም አያስቀርም፤ አቧራውም እላዩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እኔ ለጭቃ ቤት 0.4ን ብይዝ ይሻላል እላለሁ፤ ከማሳነስ ማብዛት ይመረጣል። ለኮንዶሚኒየሙ መካከለኛ ፎቅ 0.1 እንያዝ። ከዚያም የሚያንስበት ቤት አለ።

የጉልቷ እናት፦ 65 ውጭ፣ ቀሪው 123 በ0.4 ተባዝቶ 49፣ ድምሩ 114 ሚሊግሬይ። ጎረቤቷ፦ 182 በ0.4 ተባዝቶ 73፣ ሲደመር 6፣ ድምሩ 79። የኮንዶሚኒየሙ ሰው፦ 18 ሲደመር 6፣ 24። የጉልቷ እናት ዶዝ የኮንዶሚኒየሙን ሰው አምስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። አቧራው ግን ለሁሉም አንድ ነበር።

ይህ አየር ላይ ያለው ዶዝ ነው። ወደ ሰውነት ሲቀየር ለአዋቂ በ0.7፣ ለልጅ በ0.8፣ ለሕፃን በ0.9 ይባዛል። የአዋቂ ሥጋና አጥንት ራሱ የውስጥ አካላቱን ይከልላል። ልጅ ትንሽ ስለሆነ፣ አካላቱም ወደ መሬት ስለሚቀርቡ ብዙ ይደርሰዋል። በሰውነት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የተመዘነ ዶዝ የሚለካው በሲቨርት ነው። የጉልቷ እናት 80 ሚሊሲቨርት ገደማ አገኘች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ልጇ 91። ሁለቱም በዚህ መጠን በዚያው ሳምንት አይታመሙም። የደም ለውጥ በግልጽ የሚታየው ከ500 ሚሊግሬይ ወዲያ ነው። በረጅም ጊዜ ግን የካንሰር ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል፤ ለ100 ሚሊሲቨርት ግማሽ በመቶ ያህል ተብሎ ይገመታል።

ጣና ላይስ? ይህ በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ነው፤ ሐይቁ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ውሃ ላይ የወረደ አቧራ አይቆይም። የከበደው ይሰምጣል፣ የቀለለው ይደባለቃል። አንድ ሜትር ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጋማ ያስቀራል። ስለዚህ መሐል ሐይቅ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ መሬት ላይ ካለው ሰው በጣም ያነሰ ያገኛል። ግን ታንኳው ላይ ያረፈው አቧራ አብሮት ይሄዳል። ደንገል ውስጥ የገባ ብናኝ በቀላሉ አይጠረግም። ታንኳውን በውሃ ካላጠበ፣ ሐይቁ የሰጠውን ጥቅም ታንኳው ይቀንስበታል። ዳር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ በአንድ ወገኑ ውሃ ነው፣ በአንድ ወገኑ መሬት። የሚደርሰው የሜዳውን ግማሽ ያህል ነው። ይህ ለክብራን ገብርኤል ዓይነት ትንሽ ደሴትም፣ ለሮንጌላፕም ይሠራል፤ የኮራል ደሴቶች ጠባብ ናቸው። ዘጌ ግን ሌላ ነው። ጫካ ነው፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ቅጠሉ አቧራውን ይይዘዋል። ቡና ለቃሚ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቅጠል ጋር ነው።

ወቅቱም ይለያል። አቧራው ሐምሌ ላይ ቢመጣ ዝናቡ ከደመናው ጠራርጎ ያወርደዋል። ያኔ ነገሩ ወጥ አይሆንም፤ አንዱ ሰፈር ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ያገኛል። ከአስፋልት ታጥቦ ወደ ቦይ ይሄዳል። ከቆርቆሮ ተንጠባጥቦ ቤቱ ዙሪያ ይከማቻል፤ መለኪያ ይዞ የሚሄድ ሰው የጣሪያ ጠብታ የሚወርድበትን መስመር ሁሌም ያያል። እርሻ ከሆነ፣ ማሳው ሲታረስ አቧራው ከአፈር ይደባለቅና ከላይ የሚወጣው ጨረር ይቀንሳል። ለዚህ ነው በአንድ ቦታ የተለካ አንድ ቁጥር ለከተማ ሙሉ የማይበቃው።

ወደ ሦስተኛው ነገር ልግባ፤ ወደ ጥያቄው ቅጽ። ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ላይ አደጋው ከደረሰበት ከማርች 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነበሩት አራት ወራት ነዋሪዎች የት እንደነበሩ በቅጽ ተጠይቀዋል። የት አደርክ፣ ስንት ሰዓት ውጭ ነበርክ፣ ቤትህ እንጨት ነው ወይስ ኮንክሪት፣ መቼ ሄድክ፣ ወዴት? ዶዝ ከወጣላቸው ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ1 ሚሊሲቨርት በታች ነበሩ። ከዚያው አገር ሌላ ትምህርትም አለ። ባለሥልጣናቱ አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ውጭ፣ 16 ሰዓት በእንጨት ቤት ውስጥ ይሆናል ብለው አስልተው ነበር። በኋላ ሰዎች የግል መለኪያ አንገታቸው ላይ አድርገው ሲሄዱ ንባቡ ከስሌቱ በብዙ አነሰ። ስሌቱ ያሰበውና ሰው በእውነት የሚኖረው ኑሮ አልገጠሙም።

እዚህ አገር ብንጠይቅ መጀመሪያ የምፈራው ሰዓትን ነው። ሰው «ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ» ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ማለቱ ነው። ቅጹን ከውጭ የመጣ ሰው ቢሞላው፣ ወይም የእኛው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባው ሳያስተውል «3:00» ብሎ ቢጽፈው፣ ስድስት ሰዓት ተዛነፈ። በሌላ ጥናት ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። በኛ ልምምድ ግን ሴትየዋ አቧራው እንደ ደረሰ ቤት ገባች ወይስ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚለው 44 ሚሊግሬይ ልዩነት ያመጣል። ከሁለት ቀኑ ዶዟ ትልቅ ድርሻ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በኛ አቆጣጠር የተነገረ ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ሲጻፍ ስንቱ ይሳሳታል።

ስለዚህ ጠያቂው ሰዓት ብቻ ባይጠይቅ ይመረጣል። ቅዳሴ ወጥቶ ነበር? አዛን ተሰምቶ ነበር? ከብቶቹ ገብተው ነበር? ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው ነበር? ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። አንዱን ሰው ለብቻ ከመጠየቅ ቤተሰቡን አንድ ላይ መጠየቅም ይረዳል። እናት የረሳችውን ልጅ ያስታውሳል፤ «አይ፣ ያኔ እኮ እማማ ጋ ቡና ልትጠጪ ሄደሽ ነበር» ይላታል። ያ ቡና ውጭ፣ ዛፍ ሥር የተፈላ ከሆነ ቁጥሩን ይቀይረዋል። ይህን የሚጠይቅ ሰው የአካባቢውን ኑሮ ማወቅ አለበት። ዶዝ የሚያሰላ ቡድን ውስጥ የሰፈር ሰው ካልገባ ሥራው ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡን በሌላ በኩል ማረጋገጫም አለ። የሰው ጥርስ ኢናሜል ጨረር ሲያልፈው ለውጡን ይዞ ይቆያል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት። በሌላ ምክንያት የተነቀለ ጥርስ ላቦራቶሪ ገብቶ ሊነበብ ይችላል። ጡብ ውስጥ ያለ ኳርትዝ የሚባል ማዕድንም ያስታውሳል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1949 ሴሚፓላቲንስክ ላይ የመጀመሪያውን ቦምቧን ስታፈነዳ አቧራው ዶሎን የምትባል መንደር ላይ አለፈ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ከዚያ መንደር ጡብና ጥርስ ወስደው አንብበዋል። የደም ሕዋስ ክሮሞዞምም ይታያል። እነዚህ ዘዴዎች ግን ለትንሽ ዶዝ አይሆኑም፤ ጥርስና ክሮሞዞም ከ100 ሚሊግሬይ በታች ሲሆን ይቸገራሉ። የጉልቷን እናት ምናልባት ይይዟታል። የኮንዶሚኒየሙን ሰው አይዙትም። ደግሞ ለአካባቢያችን አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልት ኳርትዝ እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ የድንጋይ ግንባችን ለዚህ አይመችም። ከሸክላ አፈር የተተኮሰ ጡብ መፈለግ ይሻላል። ባዛልት በሌላ በኩል ደግ ነው። ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየምና ቶሪየም ስለሚይዝ ከመሬት የሚመጣው ተፈጥሯዊ ጨረር አነስተኛ ነው። ከፍታችን 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ከሰማይ የሚመጣው ከባሕር ጠረፍ ሰው ይበልጥብናል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የሰሃራው ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 አልጄሪያ ውስጥ ሬጋን አጠገብ የመጀመሪያውን ቦምቧን አፈነዳች። 70 ኪሎቶን ነበር። እዚያ ከመሬት በላይ አራት ጊዜ አፈንድታለች። ሬጋን ከባሕር ዳር ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በጣና ዙሪያ አፈር ውስጥ ያለው ሲዝየም 137 አብዛኛው ከዚያ የመጣ አይደለም። የመጣው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1950ዎቹና በ1961 እና 1962 ካፈነዷቸው ግዙፍ ቦምቦች ነው። እነዚያ አቧራውን ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወረወሩት። ከዚያ በዓለም ሁሉ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከፍተኛው ዓመት 1963 ነበር። በዚያ ዓመት የዓለም ሰው በአማካይ ያገኘው ወደ 0.1 ሚሊሲቨርት ነው። ከተፈጥሮ በየዓመቱ የምናገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ወደ 2000 ሲደርስ የቦምቡ ድርሻ 0.005 ሆነ። አብዛኛው የወረደው በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ላይ ነው፤ እንደኛ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ አገር ያነሰ አግኝቷል። ስለዚህ ተማሪዎችዎ አይስጉ። አፈሩ ውስጥ ግን አለ፤ ከ1963 ወዲህ ሁለት ግማሽ ዕድሜ አልፎበት ሩብ ያህሉ ቀርቷል። የአፈር መሸርሸር የሚያጠኑ ሰዎች እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል። በሐይቅ ደለል ውስጥም የ1963ቱ ንብርብር ዕድሜ መቁጠሪያ ነው።

አንድ ነገር ልጆቹ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ያንን ሐሳብ በመሪነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት።

ለክፍሉ ልምምድ ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። እያንዳንዱ ልጅ ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ በሰዓት በሰዓት ይጻፍ፤ የት ነበር፣ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ። ከላይ ያለውን አቧራ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳረፈ ይቁጠሩት። ዶዛቸውን ያውጡ። ከዚያ ቤት ሄደው ያንኑ ቅዳሜ እናታቸውን ወይም ታላቅ ወንድማቸውን ይጠይቁና፣ የእነርሱ መልስ ከራሳቸው ካልገጠመ በሁለቱም ያስሉት። መልሱን አንድ ቁጥር ብቻ አድርገው አይጻፉ። «ከዚህ እስከዚህ» ይበሉ፤ ልዩነቱ ከየትኛው ሰዓት እንደ መጣም አጠገቡ ይጻፉ።